እጄ አልረሳም

ዛሬም ከሥራ ስወጣ ወታደሮቹ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆመው ነበር። ሦስት ናቸው። አንዱ ገና ልጅ ነው፣ የወንድሜን የመጨረሻ ልጅ ቢያክል ነው። ጓንቱን አውልቆ እጁን በትንፋሹ ያሞቃል፣ ጭኑ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል። ሳልፍ ፈገግ ብሎ ደህና እደሪ አለኝ። እኔ ግን ሳላስበው እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ መታወቂያዬን ጨብጧል። ማንም አልጠየቀኝም እኮ! ካገር ከወጣሁ ስንት ዓመቴ፣ እጄ ግን ፍተሻውን አልረሳም።

በኦገስት 2025 ወታደር እኔ ወዳለሁበት ዋሽንግተን ገባ ሲባል እማዬ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ቤት ውስጥ ዱቄት አለሽ?" ብላ ነው። አይ እማዬ፣ እነዚህ መናፈሻ እያጸዱ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፣ ቆሻሻ ሲለቅሙ ነበር። "ዛሬ ቆሻሻ የለቀመ ነገ ምን እንደሚታዘዝ በምን ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ይቺ ጥያቄ አትለቀኝም። የሚያዘውንስ ማን ነው በቃ የሚለው?

እዚህ አሜሪካ የፌዴራሉ ጦር የፖሊስ ሥራ እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ በፈረንጆቹ ከ1878 ጀምሮ አለ። የ1807ቱ የአመፅ ሕግ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ጦሩን እንዲያሰማራ በር ይከፍታል። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1957 ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት እንዲገቡ 101ኛ አየር ወለድን የላከው በዚያ በር ነው። ስለዚህ ወታደር ከተማ ከገባ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት አልችልም። እነዚያን ልጆች ክፍል ያስገባቸው ወታደር ነው።

ትራምፕ ሎስ አንጀለስና ቺካጎ ላይ የጠቀሰው ግን ሌላ አንቀጽ ነው፤ በመደበኛ ኃይል ሕግ ማስከበር ካልቻልኩ ብሔራዊ ዘቡን፣ ማለትም በአዘቦቱ የየግዛቱ ገዥ የሚያዘውን ወታደር፣ እጠራለሁ የሚል። የቺካጎው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዲሴምበር 2025 ዳኞቹ "መደበኛ ኃይል" ሲባል ራሱ ጦሩ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እንግዲህ ጦሩን በሕግ ሊያሰማራ በማይችልበት ጉዳይ ዘቡንም በዚህ አንቀጽ ሊጠራ አይችልም ማለት ነው። ውሳኔው ለጊዜው ነው፣ ቢሆንም እንባዬ መጣ። ሁለት ቃል ፕሬዚዳንት አስቆመ!

የኛም ሕገ መንግሥት እኮ አንቀጽ 51 ላይ፣ ጸጥታው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ክልል ሲጠይቅ ነው መከላከያ የሚገባው ይላል። አንቀጹ ነበረን። ኮማንድ ፖስት የሚባል ነገር ሲመጣ ግን አንቀጹን ይዤ የማን በር እንደማንኳኳ አላውቅም ነበር። ቺካጎዎች የሚያንኳኩት በር አገኙ፣ በሩም ተከፈተላቸው።

እኔ የምኖረው ግን ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ዲሲ ገዥ የላትም። ዘቧን በቀጥታ የሚያዘው ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ከንቲባዋ አታዝም። ቺካጎ ገዥያችን አልፈቀደም ትላለች፣ እኛ ማን አልፈቀደም እንበል? ኖቬምበር 2025 ላይ አንዲት ዳኛ ስምሪቱ ሕገወጥ ነው ብላ ወስና ነበር። ይግባኝ ሰሚው ውሳኔዋን አገደው፣ ወታደሮቹም እዚሁ ቆዩ።

እሑድ እማዬ ትደውላለች። "አሁንም አሉ?" ትለኛለች። አሉ እላታለሁ። "እስከ መቼ?" ስትለኝስ ምን ልበላት?