ሳሩን በአንድ ቀን አትላጩት

የግቢዬ ሳር ትንሽ ነው፤ 6 በ8 ሜትር ቢሆን ነው። ቤት ውስጥ ህመም ነበርና ለአምስት ወር ዞር ብዬ አላየሁትም። ቀና ስል ከጉልበቴ አልፏል። ዛሬ ተመልሷል፣ በባዶ እግሬ እሄድበታለሁ። ግን በሁለት ወር ማለቅ የነበረበት ሥራ ስምንት ወር ፈጀብኝ፤ እሱም አንድ ከሰዓት በኋላ በጀመርኩት ጥፋት ነው። ያኔ አንድ ሰው አስቀምጦ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዛ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያለው ቀላል ነው። በዱላ እየነካካችሁ ግቢውን ዙሩ፤ እንዲህ ባለ ሳር ውስጥ እባብም ሊኖር ይችላል፣ የወፍ ጎጆም። እኔ ድንጋይ፣ የተጠቀለለ ሽቦና ግማሽ ጠርሙስ አውጥቻለሁ። ቦት ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ የዓይን መከላከያ አድርጉ። ማጭዱን ሳሉት። ጤዛው ይድረቅ፤ እርጥብ ሳር ይተኛል እንጂ አይቆረጥም። የሳር ማጨጃ ማሽኑ ሳር ጎርሶ ከቆመ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ የኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ከሶኬት። እዚህ ድረስ ምንም ችግር አልገጠመኝም።

ችግሩ የጀመረው የግቢዬ በር ላይ ከተለጠፈች ወረቀት ነው። ግቢው የተባይ መራቢያ ሆኗል፣ ሳሩ በ5 ቀን ውስጥ «እስከ መሬት ድረስ» ይጽዳ ትላለች። ወረቀቷን ለለጠፈው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። የለመንኩት አንድ ሳምንት እንዲጨመርልኝ ብቻ ነው። ስልኩን ያነሳው ሰው «መመሪያ ነው፣ ምንም ማድረግ አንችልም» ብሎኝ ዘጋው። በአምስተኛው ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ አላየም! ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። ሳሩ ቁመቱ ይቀንስ ብሎ ማስገደድ ተገቢ ነው፤ ጎረቤትም አለ፣ ልጆችም አሉ። እስከ መሬት ይጽዳ ማለት ግን አፈሩን ራቁቱን አስቀሩት ማለት ነው። ሁለቱን ለይቶ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

በወረቀቷ ብቻ ግን አላሳብብም። በማጭድ ከቁመቱ ግማሹን አውርጄ ሳርፍ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ በአጥሩ በኩል «ልጄ፣ ለዛሬ ይብቃህ፤ የቀረውን ሌላ ጊዜ ታወርደዋለህ» ብለውኝ ነበር። «እሺ አባባ» አልኳቸው። እሳቸው ሲገቡ ማሽኑን አስነሳሁ። የተከራየሁት ማሽን ነው፣ ማታ መመለስ አለበት፣ ሁለተኛ ኪራይ ላለመክፈል ብዬ ምላጩን የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ላይ አደረግኩት። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ላጨሁት።

ስጨርስ ከፊቴ የነበረው አረንጓዴ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከላይ ለምለም የነበረው ሳር ከስር ነጭና ቢጫ አገዳ ብቻ ነበር፤ ብርሃን አግኝቶ የማያውቅ፣ እንደ ገለባ የገረጣ። በመካከሉ አፈሩ ይታያል። አንዳንድ ቦታ ምላጩ መሬቱን ፍቆ ሥሩን አውጥቶታል። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ አገኘውና ሁሉም ቡናማ ሆነ።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉ በአንዴ ሲወሰድበት በሥሩና በግርጌው ካከማቸው ላይ ይበላል፣ ሥሩም ማደጉን ያቆማል። አዲስ ቅጠል የሚወጣው ደግሞ ከአፈሩ ጋር ከተጠጋው ግርጌ ነው፤ እሱ ከተፋቀ መነሻ የለውም። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ የሚባለው ለዚህ ነው። ሰርዶ ከሆነ ከመሬት በታች የሚሄድ ግንድ ስላለው ያድነዋል። እኔንም ያዳነኝ ሰርዶው ነው። ያ ግንድ የሌለው፣ በየቦታው እየተሰባሰበ የሚበቅል ሳር ቢሆን ኖሮ እንደ አዲስ መዝራት ነበረብኝ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል ጊዜ ባልፈጀ ነበር። አላቆምኩም። ደነገጥኩና ዩሪያ ማዳበሪያ ገዛሁ። ሻጩን ስንት ልበትን ብዬ ስጠይቀው «በእፍኝ በእፍኝ በትነው፣ ይነሳልሃል» አለኝ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለግቢ ሳር በአንድ ጊዜ በካሬ ሜትር 10 ግራም ገደማ ይበቃዋል፤ ለእኔ ግቢ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። እኔ ሦስት ኪሎ ጨረስኩ። ደረቅ አፈር ላይ፣ ሳይመዘን፣ በቀትር። ውሃም በደንብ አላጠጣሁትም። ማዳበሪያ ሲበዛ ከሥሩ ውሃ ይስባል፣ ተክሉ ይቃጠላል። ከሳምንት በኋላ የእጄ ውርወራ መሬቱ ላይ ታተመ። ከቆምኩበት ቦታ ተነስቶ ወደ ቀኝ የሚዞር ቅስት፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ቅስት፣ እንደ ማራገቢያ፣ የሞተ ሳር። ጠዋት ጠዋት በመስኮት አየው ነበር። እውነት ለመናገር አልቅሻለሁ።

ባዶ የቀረውን ቦታ አረም ያዘው። አፈር ውስጥ ተኝቶ ብርሃን የሚጠብቅ ዘር ሞልቷል፤ እኔ ደግሞ ብርሃኑን ከፈትኩለት። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ቶሎ ይነቀላሉ፣ ከዝናብ ወይም ከውሃ በኋላ በእጅ ከነሥራቸው ይወጣሉ። እንግጫ የሚመስለው፣ አገዳው ሦስት ማዕዘን የሆነው ግን አስቸገረኝ። ስትጎትቱት ላዩ ይበጠሳል፣ ከስር ያለችው እንክብል ትቀርና እንደገና ትበቅላለች። እሱን በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ቆፍሮ ማውጣት እንጂ ሌላ መላ አላገኘሁለትም። የአረም መድኃኒት እርጭ ያሉኝ ነበሩ። ግላይፎሴት የሚባለው ሳሩንም ይገድላል። ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው ሌላው መድኃኒት ሳር ባይገድልም በተጎዳ ሳር ላይ መርጨት አልደፈርኩም። አሁንም አልመክርም፤ በዚህች ስፋት እጅ ይበቃል።

የተመለሰው ቀስ ብሎ ነው። ለሦስት ወር ምላጭ አላስነካሁትም። ጠዋት ጠዋት፣ በየሦስትና በየአራት ቀኑ፣ ግን ጠልቆ እስኪገባ አጠጣሁ። መጥለቁን የማውቀው በካቻቢቴ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ሳይታገል 15 ሴንቲ ከገባ በቂ ጠጥቷል። የሞተውን ገለባ ጥርስ ባለው መሰብሰቢያ (ሬክ) ቀስ ብዬ አነሳሁ። ለባዶው ቦታ ከአጥሩ ሥር ጤነኛ ሰርዶ ቆረጥኩ፣ ጣት የሚያክል ርዝመት፣ ሁለት ሦስት አንጓ ያለው፣ አንጓው አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርጌ በየስንዝሩ ተከልኩ። ከየአንጓው ሥር ሲያወጣ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም።

አሁን ሰው ቢጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው። በማጭድ ጀምሩ። የማሽን መመሪያ ምላጩን ከፍተኛው ቦታ ላይ አድርጉ ይላል፣ ግን የአብዛኛው ማሽን ከፍተኛው ከ10 ሴንቲ አይበልጥም፤ ከጉልበት ላለፈ ሳር ያም መላጨት ነው። ሲሶው የሚለውንም ሕግ ለመጀመሪያው ቀን ቃል በቃል አልከተለውም፣ ዘር ያፈራውን ጫፍ እስከ ግማሽ ድረስ አወርደዋለሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት እተወዋለሁ። ቀጥሎ ግን በሲሶ በሲሶ፣ ሳሩ አረንጓዴ መሆኑን እያየሁ ብቻ። የተቆረጠውን እዚያው ተዉት፣ ማዳበሪያ ይሆናል የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ለአጭር ቁራጭ እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቆረጣዎች ግን ሰብስባችሁ አውጡ፤ ረጅም ሳር ክምር ሆኖ ከስሩ ያለውን ያፍነዋል። ማዳበሪያ ሳሩ በራሱ ማደግ እስኪጀምር አይነካ፣ ሲነካም በሚዛን። ቀነ ገደብ የሚሰጥ ወረቀት ከመጣ ግማሹን አውርዳችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ሥራ መጀመሩን በጽሑፍ አሳውቁ። እኔ ያን አላደረግኩም።

የመጀመሪያው ቅስት ያረፈበት ቦታ ዛሬም በደንብ ላየው ሰው ይለያል፣ አረንጓዴው ከሌላው ቀለል ይላል። ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብዬ ሳየው ከሁለቱም ወገን የሰርዶ ሐረግ ገብቶበታል። መሃል ላይ የቀረው ክፍተት መዳፌን አያክልም።