ስላላመመኝ ሦስት ቀን ጠበቅሁ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ በልተን ስንመለስ ነው ግራ ዓይኔ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር መንሳፈፍ የጀመረው፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። የመነጽሬ ቆሻሻ መስሎኝ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩት። ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር አብሮኝ ይዞራል። ማታ መብራት ካጠፋሁ በኋላ በዓይኔ ዳር ብልጭ አለብኝ። ከታቦር ተራራ በኩል ዝናብ እየመጣ ነው ብዬ ተኛሁ።

እናቴ «ምች መትቶህ ነው» ብላ ዳማከሴ በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬ ላይ ያዘችልኝ። ሰኞ ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ገዛሁ። ረቡዕ ጠዋት ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ቀኝ ዓይኔን አሳከከኝና በእጄ ሸፈንኩት፤ የሰሌዳው ታችኛው ክፍል ጠፋ። ከሥር የሚነሳ ግራጫ መጋረጃ ውጦታል። ሁለቱም ዓይኖቼ ክፍት ሲሆኑ ደህናው የታመመውን ይሸፍንለት ስለነበር ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐኪሟ የዓይኔን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጋ ረጅም ሰዓት አየችኝ። ሬቲናዬ፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ብርሃን የሚቀበለው ስስ ክፍል፣ ተቀዶ ከኋላው ካለው ሽፋን እየተላቀቀ ነበር። ምግቡንና ኦክስጅኑን በብዛት የሚያገኘው ከዚያ ሽፋን ነው፤ ሲለይ ይራባል። ግን ሕመም የሚሰማው ነርቭ የለውም። ቀዳዳው ብቻ እያለ የተደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ በሌዘር ተዘግቶለት ቤቱ ይገባል። እኔ በዚያው ቀን ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። ሐኪሟ ስለ መነጽሬም ጠየቀችኝ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስምንት ነው። ሩቅ ማየት የሚቸግረን ሰዎች የዓይናችን ኳስ ስለሚረዝም ሬቲናችን ይሳሳል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ሰው የሚፈራው የሚያመውን ነው፤ እሱም ልክ ነው። ዓይን ቀልቶ ክፉኛ ሲያም፣ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ሲታይና ሲያስመልስ የዓይን ግፊት በድንገት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። የሆድ በሽታ ነው ተብሎ ማደር የለበትም። ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከመኪና ፍለጋ በፊት እዚያው በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ነገር ግን አንድ ዓይን ሳያም በድንገት ቢጨልም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቢመለስ እንኳ፣ የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የታናሽ ወንድሜ መነጽር ከእኔም ይወፍራል። ትናንት ማታ ደውሎ «ዝንብ የመሰለ ነገር ያየሁ መሰለኝ፣ ነገ ላሳየው?» አለኝ። ጫማውን እያሰረ እንዲያወራኝ አደረግሁ። ባጃጅ ውስጥ መግባቱን እስክሰማ ስልኩን አልዘጋሁም።