«ፌርፋክስ ያው ዲሞክራት ነው»

«ፌርፋክስ ያው ዲሞክራት ነው። እኔ ብመርጥ ባልመርጥ ምን ለውጥ አለው?»

እዚህ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ይህን ያልሰማሁበት ለቅሶ ቤትና ልደት የለም። በምርጫ ቀን ጣቢያ ላይ ስለምሠራ ሰው ይህን ወሬ ከኔ ጋር መጀመር ይወዳል። እኔም ዝም ማለት አይሆንልኝም። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አባባሉ ከመሬት አልተነሣም። በ2020 ባይደን ከካውንቲያችን ድምፅ 70 ከመቶ ገደማ አግኝተዋል። ዐሥር ወንበር ባለው የካውንቲው ቦርድ ያሉት ሪፐብሊካን አንድ ብቻ ናቸው፤ የስፕሪንግፊልዱ ፓት ሄሪቲ። «ያው» የምትለዋ ቃል ግን አትዋጥልኝም። በ2000 እዚሁ ፌርፋክስ ያሸነፉት ጆርጅ ቡሽ ናቸው። ከፕሬዚዳንት ጆንሰን፣ ማለትም ከ1964 በኋላ፣ ጆን ኬሪ በ2004 እስኪያሸንፉ ድረስ አንድም የዲሞክራት የፕሬዚዳንት ዕጩ ይህን ካውንቲ አላገኘውም። 40 ዓመት ሙሉ! ያኔም «ፌርፋክስ ያው ሪፐብሊካን ነው» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው መኖሩ አይቀርም። አሁን ከዐሥር ነዋሪ ሦስቱ ያህል ውጭ አገር የተወለደ ነው፤ ኮሪያው፣ ቬትናሙ፣ ሳልቫዶሩ፣ እኛ። ሰው ሲለወጥ ካውንቲው ተለወጠ።

የ2021ን የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለኦባማ ሁለቴ የመረጠው ታላቅ ወንድሜ ግቢው ላይ የሪፐብሊካኑን ዕጩ የግሌን ያንግኪንን ምልክት ተከለ። አገር ቤት ጦርነት ነበር፤ በዋሽንግተን አቋም የተቆጣ ሐበሻ በየሰፈሩ ለያንግኪን ይቀሰቅስ ነበር። በሌላ መንገድ ያዘነም ነበር፤ የኛው ቤተሰብ ራሱ አንድ ማዕድ ላይ ሆኖ አይስማማም ነበር። እናቴ «ምግቡ ይቀዘቅዛል» እያለች ነው ያለፍነው። ምርጫው የዋለው ኖቬምበር 2 ነው። በዚያው ዕለት የባይደን አስተዳደር ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት የንግድ ዕድል፣ ሊያስወጣ መሆኑን አስታወቀ።

ያንግኪን አሸነፉ። በመላው ቨርጂኒያ የለያቸው ድምፅ 64 ሺህ አካባቢ ነው። «ሐበሻ ነው ያስመረጣቸው» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም፤ የትምህርት ቤት ጉዳይ ወላጁን ምን ያህል እንዳስቆጣው በዓይኔ አይቻለሁ። ይልቅ ይህን እዩልኝ። ከፌርፋክስ ባይደን በ2020 ከ4 መቶ ሺህ በላይ ድምፅ ነበራቸው። በዓመቱ የያንግኪን ተፎካካሪ ዲሞክራቱ ማካውሊፍ እዚሁ በሰፊው አሸነፉ፤ ድምፃቸው ግን 3 መቶ ሺህ አልሞላም። ቤቱ የቀረው ሰው፣ በአንድ ካውንቲ ብቻ፣ ግዛቱን ከለየው ቁጥር ይበልጣል። የፕሬዚዳንት ምርጫ በሌለበት ዓመት በየቦታው የሚወጣው ሰው ማነሱ እውነት ነው። ቢሆንም ለገዥ ምርጫ የሚቆጠረው ፌርፋክስ ማን አሸነፈ አይደለም፤ በስንት አሸነፈ ነው። ያ «ስንት» ደግሞ እኛ ነን፤ ለየትኛውም ወገን ብንመርጥ።

ጣቢያ ላይ ሆኜ ሐሳቤን መናገር አልችልም፤ መናገርም የለብኝም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት በሩ ክፍት ነው፤ ሥራዬ ስም ማየትና ወረቀት መስጠት ነው። አንድ ዓመት አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ፤ ዜግነት ከያዙ ገና ወራቸው ነው። መረጃው በስፓኒሽ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ አለ። በአማርኛ የማቅረብ ግዴታ የለም፤ በሌላ ቋንቋ መረጃ እንዲቀርብ የሚያስገድደው የፌደራሉ ሕግ የአፍሪካ ቋንቋዎችን አይጨምርም። ማንበብ የሚቸግረው ሰው ግን የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ መግባት ይችላል። ይህን የማያውቁ ስንት እናቶችና አባቶች በየቤቱ አሉ!

ልጅቷ በሹክሹክታ እያነበበችላቸው፣ ጋሼ ክቧን በጥቁር እስክሪብቶ ቀስ ብለው ያጠቁራሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከመስመሩ እንዳይወጡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ጨረሱና ሊነሡ ሲሉ ልጅቷ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ የትምህርት ቤት ቦንድ አለ። ካውንቲው ለትምህርት ቤት ግንባታ ይበደር ወይስ አይበደር የሚል ጥያቄ ነው።

«ይሄንንም እኔ ነኝ የምወስነው?» አሉ፣ ጮክ ብለው።

«አዎ፣ አባዬ።»

እንደገና ተቀመጡ። ከፊተኛው ይልቅ እዚህ ላይ ብዙ ቆዩ። ወረቀቱን ማሽኑ ሲስበው እጃቸውን ቶሎ አላነሡም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ጁን ነው፤ ፓርቲዎቹ ዕጩዎቻቸውን የሚያስመርጡበት ወር። ቨርጂኒያ ውስጥ ማንም በፓርቲ አይመዘገብም፤ ስለዚህ ከሁለቱ ፓርቲዎች በፈለጋችሁት የዕጩ መምረጫ (ፕራይመሪ) መሳተፍ ትችላላችሁ፤ በአንዱ ብቻ። አንድ ፓርቲ በጣም በሚያይልበት ሰፈር ነገሩ የሚያልቀው እዚያ ነው። ስካይላይን አካባቢ ያላችሁ የሜሰን ዲስትሪክት ሰዎች፣ ፔኒ ግሮስ ከ1996 ጀምሮ ይዘውት የነበረው የካውንቲ ቦርድ ወንበር በ2023 ሲለቀቅ ወሳኙ ፉክክር የጁኑ ነበር፤ ኖቬምበር ላይ ብዙም አላጠራጠረም። ጁን ላይ ግን ጣቢያችን ጭር ይላል። ሰው ሲገባ ሁላችንም ቀና እንላለን።

ወንድሜ አሁንም ከኔ ጋር አይስማማም። ግን አንድም ምርጫ አያመልጠውም፤ ጁንንም ጭምር። ቀደም ብሎ ድምፅ መስጠቱ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ሲጀመር በመጀመሪያው ሳምንት ሄዶ ይመርጥና ይደውልልኛል፦ «እኔ ጨርሻለሁ። እማማን አንተ ውሰዳት።»