ጎሚስታው ጋ

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ የባጃጅ ጎማ እስኪነፋ ቆሜያለሁ። መብራት ስለሌለ ኮምፕረሰሩ ዝም ብሏል፤ ልጁ በእጅ ፖምፓ ይታገላል። ላግዘው ብዬ የፖምፓውን ታችኛ ጫፍ ልይዝ ስል «ጋሼ፣ እንዳይነኩት፣ ይፋጃል!» አለኝ። እውነቱን ነው። እሳት አልነካውም እኮ፤ አየሩ ስለተጨመቀ ነው ብረቱ እንዲህ የጋለው።

እኔ ደግሞ አመሌ ነው፣ ሐሳቤ ሰማይ ወጣ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዋርድ ስቴፋን በ1877 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ማርሴይ ላይ ሆኖ ያያቸው አምስት ጋላክሲዎች አሉ። (አንዷ ለእኛ የቀረበች ናት፤ በአጋጣሚ ነው አብራ የምትታየው።) ከቀሩት አንዷ በሰከንድ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈች ወደ ጓደኞቿ ትገባለች። ከዋክብቱ በጣም የተራራቁ ስለሆኑ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። በጋላክሲዎቹ መሀል ያለው ጋዝ ግን ዞር የሚልበት ጊዜ የለውም። ተላትሞ፣ ተጨምቆ፣ ሚሊዮን ዲግሪዎች ድረስ ግሎ ኤክስሬይ ይረጫል። የግጭቱ ግንባር ርዝመት የእኛን ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ ያህላል!

ይህም ሆኖ ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እዚያው ግጭት መሀል የሃይድሮጅን ሞለኪውል (ሁለት የሃይድሮጅን አተሞች የተጣመሩበት) አገኘ። በዚያ ግለት ተበታትኖ ይጠፋል የሚባለው ነገር፣ ጭራሽ ደምቆ ያበራል።