ከሱማሌ ተራ የገዛሁት ካርቡሬተር አገሩ የት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቮልሴ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። በአዲስ አበባ ብርድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቮልስ ያለው ሰው ያውቀዋል። ስምንት ወር ሲያብሰለስለኝ የኖረ ነገር ስለተፈታልኝ ነው የምጽፍላችሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት 1300 ናት። ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አልልም። የዕቃ ቁጥር ማንበብ ተማርኩ። ቮልስዋገን ዘጠኝ አሃዝ ይጠቀማል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዕቃው የየትኛው መኪና እንደሆነ ይናገራሉ፤ 111 እና 113 የቮልስ፣ 211 የኮምቢ (የቮልስዋገን ሚኒባስ) ነው። መካከለኞቹ ሦስቱ ቦታውን ያሳያሉ። በ1 ከጀመሩ ሞተር፣ በ8 ቦዲ፣ በ9 ኤሌክትሪክ። 129 ካለ የካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ወገን ነው። ቁጥሩ ካለ ሥራው ቀላል ነው። ከሌለስ?

የድሮው ካርቡሬተሬ ቾክ (ሞተሩ በብርድ እንዲነሳ አየሩን የሚቀንሰው ክዳን) ስለሞተ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ወረድኩ። አንድ አዛውንት ሻጭ ከቁርጥራጩ መሃል አንድ አወጡልኝ። «ልጄ፣ ይሄ የጀርመን ኦሪጅናል ነው» አሉኝ። ገዛሁት። ቤት ገብቼ ሳየው ግን ቾኩ በገመድ የሚሳብ፣ የእጅ ነው። የኔው በኤሌክትሪክ እየሞቀ ራሱ የሚከፈት ነበር።

እዚህ ላይ ነው የተጣበቅሁት። የጀርመን ኤክስፖርት ቮልሶች የእጅ ቾክ የተዉት እ.ኤ.አ. በ1960 አጋማሽ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ የድሮ ሶሌክስ (የጀርመን ቮልሶች የካርቡሬተር ስም) ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በካሊፐር ጉሮሮውን፣ አየሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ ለካሁት። 30 ሚሊ ሜትር! የእጅ ቾክ ያለው ያ የድሮው ሶሌክስ 28 ነው። 30ው የመጣው ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1966 ሞዴል ወዲህ ነው። ቾኩ ወደ ኋላ ይጎትተኛል፣ ጉሮሮው ወደ ፊት። ምናልባት አንድ ጋራዥ ከሁለት ካርቡሬተር አዳቅሎት ይሆናል ብዬ ሁለት ወር አባከንኩ። ክዳኑና ገላው ግን ብሎን በብሎን ይገጥማሉ፤ የብረቱ ቀለምም አንድ ነው። የተዳቀለ ዕቃ እንዲህ አይገጥምም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ገና በገዛሁት ቀን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌው ነበር። ንጹሕ ሆኖ እንዲታየኝ ፈልጌ ነው። ገላው ላይ የነበረው ትንሽ ቁጥር አብሮ ሄደ፤ የመጨረሻዎቹን አሃዞች እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም። በጣም ያናድደኛል። እባካችሁ አሮጌ ዕቃ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አትንኩ። ነጭ ጋዝና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። በዚህ ነገር ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

መፍትሔው የመጣው ከስስ ወረቀትና ከእርሳስ ነው። ከተፋቀው ቦታ ላይ በዓይን የሚነበቡት ሦስት የላቲን ፊደሎች ብቻ ነበሩ፤ «ሶል» (SOL) የሚሉ። ሶሌክስ ነው ብዬ አልፌው ነበር። አንድ ማታ መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ በጎን አበራሁበት። ከ«ሶል» በኋላ ያለው ብረት ለስላሳ ነው፤ ምንም ተጽፎበት አያውቅም። የተፋቀው ከፊቱ ነው! ሶሌክስ ቢሆን ኖሮ የጎደለው ከኋላ በሆነ ነበር። ወረቀቱን ለጥፌ እርሳሱን አጋድሜ ቀስ ብዬ አሸሁት። «ብሮሶል» (BROSOL) አለኝ። ከሥሩ ደግሞ በጭንቅ «ብራዚሌይራ» የሚል ወጣ።

ብሮሶል ብራዚል ውስጥ የሶሌክስን ካርቡሬተር በፈቃድ ያመርት የነበረ ኩባንያ ነው። የኔው ኤች 30 ፒክ (H 30 PIC) የሚሉት ሞዴል ነው። ጀርመኖቹ ፒክት (PICT) ሲሆኑ እሱ መጨረሻ ላይ «ቲ» የለውም፤ ራሱ የሚሠራ ቾክ የለውማ። ብራዚል ከእ.ኤ.አ. 1959 ጀምራ ሳኦ ቤርናርዶ ዶ ካምፖ በሚባል ከተማ ቮልስን ትሠራ ነበር፤ እነሱ «ፉስካ» ይሏታል። 30 ጉሮሮና የእጅ ቾክ አንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ነበር። ሁለቱም ምልክቶች እውነት ነበሩ። እኔ ነኝ ጀርመን ብቻ የፈለግኩት። ሻጩንም አልቀየምም፤ ቮልስ ከሆነ ጀርመን ነው ብለን ነው ሁላችንም ያደግነው።

ስለ አገጣጠሙ ብዙ ምክር የለኝም። ለቾኩ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ተጠቀምኩ። ነዳጅ የሚያሳልፈውን ዋናውን ቀዳዳ ግን በአነስተኛ ቀየርኩት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መካኒኬ መጀመሪያ አልተስማማም ነበር። ካንዴላውን ፈትተን ስናየው ቡናማ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል።

ከእናንተ መሃል ቁጥሩ ያልተፋቀ ብሮሶል ያለው ካለ በእርሳስ አሽቶ ፎቶውን ይላክልኝ። እኔ የፋቅኋቸውን አሃዞች ማወቅ እፈልጋለሁ።