የ40 ፓውንድ ታኬታ

እሁድ ማታ

ልጄ ታኬታ ግዛልኝ ማለት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ዛሬ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ጠየቅሁና ባዶ እጄን ተመለስኩ። "ተወዷል፣ ትንሽ እንታገስ" አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። ያቺን ያለቀች ሸራ ጫማውን አጠለቀና ወጣ።

ቤተሰቡ ሲተኛ የማንቸስተር ዩናይትዱን አማካይ የፖል ስኮልስን የድሮ ጨዋታዎች ከፈትኩ። የማንቼ ደጋፊ ነኝ። ሲከፋኝ የድሮውን ነው የማየው፤ የአሁኑ ይብስብኛል።

ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2011 ጫማውን ሰቅሎ ነበር። በ2012 መጀመሪያ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር የኤፍኤ ካፕ፣ የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ጨዋታ ነበራቸው። በ37 ዓመቱ፣ 22 ቁጥር ለብሶ ከች አለ። የድሮ 18 ቁጥሩን አሽሊ ያንግ ወስዶታል። የቡድን ጓደኞቹ እንኳ አልሰሙም። ወሬው እንዳይወጣ ብሎ ታኬታ ለሚሰጠው ኩባንያም አልተናገረም፤ ራሱ ሱቅ ሄዶ በ40 ፓውንድ ገዛ። ተቀይሮ ሲገባ ፊልም ቢሆን ጎል ያገባ ነበር። እሱ ግን ኳስ አበላሸና የሲቲው አግዌሮ አገባባቸው። ደግነቱ 3 ለ 2 አሸነፉ።

ስኮልስ አስም አለበት። እኔም ልጅ ሆኜ ነበረብኝ። እናቴ "ደረትህን!" እያለች ከሜዳ ትጠራኛለች። እኔ የጎል ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብዬ የልጆቹን ሹራብ እጠብቃለሁ። ስለ እሱ ስሰማ ታዲያ የራሴን ትንታኔ ፈጠርኩ። ኳስ ሳትደርሰው ዙሪያውን ይቃኛል። ከዚያ አንድ ንክኪ፣ ኳሷ ሌላኛው ጥግ ላይ ናት። ትንፋሹን ለመቆጠብ ነው እል ነበር፤ ኳሷ ትሩጥለት።

ዛሬ ሳየው ትንታኔዬ ውሸት ነው። በወጣትነቱ ሳጥን ውስጥ ሮጦ እየገባ ነው ያንን ሁሉ ጎል ያገባው፤ በ718 ጨዋታ 155። ኳስ ሊነጥቅ የሚወርደው ሸርተቴ እንኳ አይነሳ። ለእንግሊዝ ግን ጄራርድና ላምፓርድ መሀሉን ሲይዙት እሱን ወደ ግራ ገፉት። በ2004፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናበተ። እስካሁን ያናድደኛል።

በ2008 ባርሴሎና ላይ ያገባትን ደጋግሜ አየኋት። የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ ኦልድ ትራፎርድ። ዛምብሮታ በደንብ ያላራቃት ኳስ እግሩ ስር ገባች። ከሩቅ ለቀቃት። በደርሶ መልሱ ሁለት ጨዋታ የገባችው ጎል እሷ ብቻ ናት። ያን ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ እንደዚያ ስጮህ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ የማላውቀው ሰው ጀርባዬን እየመታ ወደ ውጭ አወጣኝ። የአርሰናል ደጋፊ ነበር፤ "ለዚህ ብለህ ልትሞት?" አለኝ።

ልጄን አሁን በእንቅልፉ ሳል ያዘው። ድምፅ አጥፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከሱቁ የመለሰኝ ዋጋው ብቻ አልነበረም። ደረቱ የእኔን ነው የወሰደው። "ደረትህን" ብዬ ላለመጥራት ምላሴን የምነክስባቸው ቀኖች አሉ።

ሲተነፍስ ደረቱ ፊሽካ እንደማይነፋ ካረጋገጥኩ በኋላ ሸራ ጫማዋን አንስቼ ገለበጥኳት። ቁጥሯ ተፍቋል። በስንዝሬ ለካኋት፤ አንድ ስንዝርና ሁለት ጣት።