ሰርዢው ያልኳት ቁጥር

ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ቤተ ሙከራ ውስጥ የሆነው ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ተማሪዎቹ ጋማ ጨረር በጋይገር ቆጣሪ እየለኩ ነበር። የጨረሩን ምንጭ ከቆጣሪው እያራቁ በደቂቃ ስንት እንደሚቆጥር ይጽፋሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ። አንዷ ተማሪ በ10 ሳንቲሜትር 1,200፣ በ20 ደግሞ 300 ገደማ አገኘች። በ30 ላይ ግን 133 አካባቢ ይመጣል ስንል 190 መጣ።

«ቲቸር፣ ይቺን ምን ላድርጋት?» አለችኝ።

ክፍለ ጊዜው እያለቀ ነበር። «ተሳስተሽ ነው፣ ሰርዢውና ድገሚው» አልኳት። ደገመችው፣ 135 መጣ። አለፍኩ።

በማግስቱ ትምህርቱ ስለ ኒውክለስ፣ ማለትም ስለ አቶም እምብርት፣ ግኝት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 እንግሊዝ፣ ማንቸስተር ውስጥ የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድ የ20 ዓመቱን ተማሪ ማርስደንን፣ አልፋ ቅንጣቶች (ከጨረር ምንጭ የሚወረወሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ብረታ ብረት ላይ አርፈው ወደ ኋላ ይነጥሩ እንደሆነ እንዲያይ አዘዘው፤ ራሱ ራዘርፎርድ ግን ይሆናል ብሎ አልጠበቀም። የዚያን ጊዜ ቆጠራ በዓይን ነው። ጨለማ ክፍል ገብተህ፣ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ትጠብቅና፣ አልፋ ሲመታው የሚያበራ ዚንክ ሰልፋይድ የተቀባው ስክሪን ላይ ብልጭ የምትለዋን እያንዳንዷን ነጥብ በማይክሮስኮፕ ትቆጥራለህ። ከፕላቲነም ላይ ከ8,000 አልፋ ቅንጣቶች አንዱ ገደማ ተመለሰ። አልፋ ከኤሌክትሮን 7,000 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ስለዚህ አቶም ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ገፍቶ ሊመልሰው አይችልም። በ1911 ራዘርፎርድ የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል መሃሉ ላይ በጣም ትንሽ ቦታ ውስጥ ታጭቋል ያለው ከዚያች አንዷ ተነስቶ ነው።

ይህን እየተናገርኩ የትናንቷ 190 ትዝ አለችኝና አፌ ተያዘ። ማርስደንን «ተሳስተህ ነው፣ ሰርዘው» ቢሉትስ ኖሮ?

ከክፍል በኋላ ደብተሯን አስመጣሁ። ልጅቷ ቁጥሩን አላጠፋችውም፣ በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሰረዘችው። ጎኑ ላይ በእርሳስ «የጎን ጠረጴዛ ልጆች ምንጫቸውን ጠረጴዛ ላይ አወጡ» ብላለች። ለካ እኔ ሰዓቴን ሳይ እሷ ዙሪያዋን ታይ ነበር!

ሁለተኛውን ምንጭ አውጥተን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነውና በ30 ሳንቲሜትር እንደገና ለካን። 188።

«ሪፖርቱ ላይ የትኛውን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ሁሉንም ጻፊ» አልኳት፤ «ሰርዢው ያልኩሽም እኔ እንደሆንኩ ጻፊ።»